ልዩ ልዩ

ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ፤
ሰው ከሆዱ ሲናገር፣ ለእኔ አርእስቱ ብቻ ተረፈኝ።
“ቤቱ ተወያየ” እላለሁ፤ “በሙሉ ድምፅ ጸደቀ”፤
አንዱን እንባ ቢያንቀው እንኳ፣ “ሐሳብ ተሰጠ” ነው፤ አለቀ።

ሐሙስ ነበር፤ የሰኔ ሰማይ ጅማ ላይ ተደፍቶ፣
ከኪቶ እስከ ቦዬ ረግረግ፣ መንገድና ሜዳው ጠፍቶ፣
ባጃጁ ሁሉ ተደበቀ፤ ጥላው ሁሉ ተገለበጠ፤
ሰው አዳራሽ እየገባ፣ እየተንጠባጠበ ተቀመጠ።

አጀንዳ አንድ፣ አካታችነት፤ ሁለት፣ የአእምሮ ደኅንነት፤
ሦስት፣ የነገ አቅጣጫ፤
አራት “ልዩ ልዩ”፣ እንደ ወትሮው፣
የተረፈ ነገር ማስቀመጫ።

ሰብሳቢው ሃያ ሁለት ገጽ ያነባሉ፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲወቃ፤
ሦስተኛው ረድፍ አንቀላፋ፣ መግቢያው እንኳ ሳያበቃ።

ከዚያ ዘቢባ አባመጫ ተነሣች፤ ሕግ፣ ሦስተኛ ዓመት፤
ነጭ በትሯን ወንበር አስደግፋ፣ ብሬሏን በጣቷ እያነበበች፦
“ከማደሪያዬ እስከ ክፍሌ፣ አራት መቶ ስድስት እርምጃ፤ በቁጥር አውቃለሁ፤
ሁለት መቶ ዐሥረኛው ላይ፣ ክዳን አልባ ቦይ ውስጥ እወድቃለሁ።
አካታችነት ትልቅ ቃል ነው፤ እኔ የምለው —”

ድርግም።
መብራት ሄደ። ማይኩ ሞተ። ሰብሳቢው መስመራቸው ጠፋባቸው።
እሷ ግን ጣቷን አላነሣችም፦
“— ክዳን ነው። የብረት ባይሆን የእንጨት።
ምነው ዝም አላችሁ?”
“መብራት ጠፍቶ ነው” አላት ከኋላ አንዱ።
“እና?” አለች።

እኔም በጨለማ ጻፍሁት፦ እና።

ከመስኮቱ ሥር ግን ኦልቀባ፣ ጆሮው የማይሰማ ልጅ፣
በዓይኑ ነበር የሚያዳምጥ፤ ጠፋበት የአስተርጓሚው እጅ።
ለእሷ ምኗም ያልሆነ ጨለማ፣ እሱን ከጉባኤው አስወጣው፤
ጠረጴዛ ደበደበ። አንዴ። ሁለቴ። ማንም ምን ሆነህ አላለው።

ያኔ የበሩ ዘበኛ አባ ቦራ፣ ከሦስት እግር በርጩማቸው ተነሥተው፣
ሌባ ላይ የሚያበሩትን ባትሪ ከካፖርታቸው አውጥተው፣
የይፍቱሥራ እጆች ላይ ያዙት።
እጆቹ ግድግዳው ላይ ገዝፈው መናገር ቀጠሉ።
ክንዳቸው ሲዝል በሌላው ቀየሩ፤ አልወጣቸውም አንድ ቃል፤
በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ሰው፣ “አልተሳተፈም” ይባላል።

ፊት የማይታይበት ሰዓት አፍ ይፈታል መሰለኝ።
“ሠላሳ ስድስት ሰዓት አልተኛሁም” አለ አንድ ተለማማጅ ሐኪም፤ ማንነቱ አልታየኝ።
“እናቴ ‘ደኅና ነህ?’ ትላለች፤ ‘ደኅና’ እላታለሁ፤
ደኅና ማለት ስልኩን አነሣሁ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ምን አውቃለሁ?”

አዴ ደጊቱ፣ ከጽዳት ክፍል፣ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰች፦
“እኔን ስለ ነገ የጠየቀኝ የለም፤ ‘ሳሙና አለቀ ወይ’ ነው።
ሁለተኛ ፎቅ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት፣ በር ዘግተው የሚያለቅሱ ልጆች አሉ።
አላንኳኳም። ቧንቧ እከፍታለሁ፣ ድምፃቸው እንዳይሰማባቸው።
ነገ ካላችሁኝ —
ነገ ሌላም ሰው ይስማቸው።
ውሃው አንዳንድ ቀን አይመጣም።”

መብራቱ መጣ። ሁሉም ጫማውን አየ።
“ወደ አጀንዳችን እንመለስ” አሉ ሰብሳቢው፤ ገጽ ዘጠኝን ገለጡ።
እኔም እንደ ልማዴ፦ “መብራት በመጥፋቱ ውይይቱ ለግማሽ ሰዓት ተቋርጧል።”

ማታ ቆጪ፣ ቤቴ፣ ያን ገጽ ገልጬ ሳየው፣
በጨለማ የጻፍሁት ፊደል አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቷል፤
የደጊቱ ውሃ በሐኪሙ ስልክ ላይ ይፈሳል፤
“እና” የምትለዋ ቃል ቦዩ አፋፍ ላይ ቆማለች።
መለየት አልቻልሁም። ልለየውም አልፈለግሁ።
“ተቋርጧል” የሚለውን ሰረዝሁና፣
አራተኛው ተራ፣ ልዩ ልዩ ከሚለው ሥር፣
እንዳለ፣ እንደተደራረበ፣ አጣበቅሁት።

ፈረሙበት። ያነበበው ያለ አይመስለኝም።
ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ቦዩ ላይ ሳንቃ አየሁ፤
ባሕር ዛፍ ነው፣ ምስማሩ በቅጡ ያልተመታ።
ወደ ማደሪያው በር ተመለስሁ። ዓይኔን ጨፈንሁ፤
እርምጃዬን በእሷ ልክ አሳጥሬ፣
ሁለት መቶ ስምንት፣
ሁለት መቶ ዘጠኝ፣
ሁለት መቶ ዐሥር — ጓ አለ እንጨቱ —
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ።